ሳይስተዋሉ የማለፍ ነጻነት

ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ላለበት ወጣት ከዘመድ፣ ከጓደኛ፣ አንዳንዴም ከሐኪም የሚቀርበው ማጽናኛ አንድ ዓይነት ነው፤ ሕመሙ ላይ ላዩን ያለ፣ ለነፍስ የማያሰጋ፣ ከማንነቱ ጋር የማይገናኝ ነገር እንደሆነ ይነገረዋል፤ ዋናው የልብ ውበት መሆኑም ይታከልለታል። ማጽናኛው ከቅን ልቡና እንደሚመነጭ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሰውን ቅርፊትና ፍሬ አድርጎ ለሁለት ይከፍልና፣ የተጎዳው ቅርፊቱ ብቻ ስለሆነ ፍሬው ሊያዝን አይገባም የሚል ድብቅ ሙግት ይዟል። በዚህም የተነሣ ወጣቱ ሲያዝን ከሕመሙ ሌላ ሁለተኛ ጉድለት ይቆጠርበታል፤ ከንቱ ውበት የሚያሳስበው፣ ልቡ ያልበሰለ ሰው ተደርጎ ይታያል። የዚህ ሐተታ ክርክር ከዚሁ አከፋፈል ጋር ነው፤ ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ከመልክ በፊት የሚነጥቀው ጤነኛው ሰው እንዳለው እንኳ የማያውቀውን አንድ ሀብት፣ ማለትም በሰው መካከል ሳይስተዋሉ የማለፍን ነጻነት ነው።

ሥር የሰደደ የሚባለው ለወራትና ለዓመታት እየበረደና እያገረሸ የሚቆይ፣ መድኃኒት ጋብ የሚያደርገው እንጂ በአብዛኛው ጨርሶ የማይነቅለው ሕመም ነው። ከእነዚህ አንዱ ሶሪያሲስ ሲሆን፣ በጤነኛ ሰው አንድ ወር ገደማ የሚፈጀው የላይኛው ቆዳ መታደስ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት በመዛባቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚጣደፍ፣ ገና ያልበሰሉ ሕዋሳት እየተደራረቡ የሚረግፍ ቅርፊት ይሠራሉ። ለምጽ፣ በሕክምናው አጠራር ቪቲሊጎ፣ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት የገዛ ሰውነት ሲያጠቃቸው የሚመጣ ነው፤ አያምም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ የሚጀምረው ከ20 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ችፌ፣ ማለትም ኤክዜማ፣ ቆዳን እያደረቀና እያሳከከ እንቅልፍ ይነሣል። ብጉር ደግሞ ከሁሉ የተለመደ በመሆኑ ብቻ እንደ ሕመም ሳይቆጠር የሚያልፍ፣ ነገር ግን ሲከፋ ለዕድሜ ልክ ጠባሳ ጥሎ የሚሄድ ነው። ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ተጨማሪ ሸክም አለባቸው፤ የሕክምና መጻሕፍት ለረዥም ጊዜ ያሳተሟቸው ሥዕሎች የነጭ ቆዳን ቅላት የሚያሳዩ ስለነበሩ በጥቁር ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ መስሎ የሚወጣው ሶሪያሲስ በቀላሉ በሌላ በሽታ ይሳሳታል፤ ለምጽ ግን በተቃራኒው ከሩቅ ይለያል።

በወጣትነት ዘመን እነዚህ ሕመሞች ለምን እንደሚከፉ ለመረዳት የዕድሜውን ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በጉርምስና ዕድሜ ያለ ሰው ዘወትር በተመልካች ፊት የቆመ እንደሚመስለው አስረድቶ፣ ይህን በአእምሮ ብቻ የሚኖር ተመልካች የምናብ ታዳሚ ብሎ ሰይሞታል። አብዛኛው ሰው ከዚህ ስሜት የሚወጣው ቀስ በቀስ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ሲያገኝ ነው፤ ይኸውም ማንም እያየው እንዳልነበረ፣ ሁሉም በየራሱ ጉዳይ ተጠምዶ እንደኖረ መረዳቱ ነው። የጉልምስና ትልቁ ክፍል ይህ ዕረፍት ነው ማለት ይቻላል። ፊቱ ላይ ወይም እጁ ላይ ለምጽ የወጣበት ወጣት ግን ወደዚህ ዕረፍት የሚያደርሰው መንገድ ተዘግቶበታል፤ ምክንያቱም ታዳሚው የምናብ መሆኑ ቀርቶ እውነተኛ ሆኗል። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በእርግጥ ያየዋል፤ ሕፃን በእርግጥ ጣቱን ይቀስርበታል፤ እናትየዋም የልጇን ጣት ስትመልስ ይበልጥ ታሳየዋለች። እንግዲህ ይህን ወጣት ማንም አያይህም ማለት ዓይኑ የሚያረጋግጠውን እንዲክድ መጠየቅ ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጣው ሥራው ኀፍረት የሚወለደው በሌላው ሰው እይታ ፊት እንደሆነ ጽፏል፤ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያጮልቅ ሰው የእግር ኮቴ ሲሰማ ራሱን ወዲያው እንደ ታየ ነገር ያገኘዋል። የሳርትር ምሳሌ ግን ጥፋት ያለበት ሰው ነው፤ ቢያንስ ማጮለቁን መተው ይችላል። የቆዳ ታማሚው ምንም ሳያደርግ፣ መንገድ ሲያቋርጥ ወይም ዳቦ ሲገዛ፣ ያንኑ ኀፍረት ይቀበላል።

እይታን የመቆጣጠር ድካም በዝርዝር ሲታይ ጉዳዩ የስሜት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገለል በጻፈው መጽሐፍ ጉድለቱ የሚታይበትን ሰውና ጉድለቱ ገና ያልታወቀበትን ሰው ይለያል፤ የመጀመሪያው ሥራ ውጥረትን ማርገብ ሲሆን፣ የሁለተኛው ሥራ ወሬን መጠበቅ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ ማስላት ነው። የቆዳ ሕመም ያለበት ወጣት ሁለቱንም በአንድ ቀን ይሠራል። ሶሪያሲስ ያለበት ተማሪ በበጋ ሙቀት እጅጌው ረዥም ሸሚዝ ይለብሳል፤ ቅርፊቱ በጠቆረ ቀለም ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ጥቁር ኮት አይገዛም፤ ከመቀመጫው ሲነሣ ወንበሩን በመዳፉ ይጠርጋል። የራስ ቅሉ ላይ የወጣበት ደግሞ ጸጉር ቤት ሲገባ አስተካካዩ መኪናውን አጥፍቶ በዝምታ የሚያይበትን ቅጽበት ይጠብቃል፤ ፎረፎር ነው፣ አይዞህ አይተላለፍም ለማለት ዓረፍተ ነገሩን ከቤቱ አዘጋጅቶ ይመጣል። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ፊት የምትቀመጥ ልጃገረድም ያው ናት። በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ለምጽ አብዝቶ የሚወጣው በጣቶችና በአፍ ዙሪያ ሲሆን፣ እነዚህ ደግሞ ከአንድ ገበታ የሚበላባቸው፣ ጉርሻ የሚሰጥባቸውና የሚቀበልባቸው አካላት ናቸው። እጁን ታጥቦ ለጉርሻ የዘረጋ ወጣት፣ ተቀባዩ ለአንድ አፍታ አፉን ለመክፈት ሲያመነታ ያየው እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ በሰው ፊት ላለማጉረስ ሰበብ ማብዛት ይጀምራል። ማንም አልሰደበውም፤ ማንም ከማዕድ አላስነሣውም፤ ሆኖም በፍቅር ከሚታወቁት ልማዶች አንዱን በገዛ ፈቃዱ ትቶታል።

የመገለሉ ሥር ከመተላለፍ ፍርሃት ብቻ እንደማይመነጭ የሚያሳይ አንድ ጥንታዊ ማስረጃ አለ። የኦሪት ዘሌዋውያን 13ኛ ምዕራፍ ለምጽ ያለበት ሰው ልብሱን ቀዶ፣ ራሱን ገልጦ፣ ርኩስ ነኝ እያለ ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ ሕጉ በዚህ ስም የሚያካትታቸው ነገሮች ከዛሬው ቪቲሊጎም ሆነ ከሥጋ ደዌ ይሰፋሉ፤ ልብስና የቤት ግድግዳ ሳይቀር ይገኙባቸዋል። የሚያስደንቀው ግን በዚያው ምዕራፍ 12ኛና 13ኛ ቁጥር ላይ ያለው ድንጋጌ ነው፤ ነጭነቱ ከራስ እስከ እግር መላውን ቆዳ የሸፈነው እንደሆነ ካህኑ ሰውየውን ንጹሕ ነው ይለዋል። በከፊል የነጣው ርኩስ ሲሆን ሁለመናው የነጣው ንጹሕ ነው ማለት ነው። እንግሊዛዊቷ የባህል ጥናት ሊቅ ሜሪ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው መጽሐፍ ሰዎች ርኩስ የሚሉት በመደብ በመደብ የተከፋፈለውን ሥርዓት የሚያፋልስባቸውን፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነውን ነገር መሆኑን አስረድታለች፤ ድንጋጌው ከዚህ አስተሳሰብ ጋር በሚገባ ይስማማል። ዓይን የሚታወከው በዥንጉርጉርነቱ ነው።

ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። የዘመኑ ሕክምናም ለምጹ አብዛኛውን ቆዳ ለሸፈነበት ሰው፣ ቀለም መመለስ አልቻል ሲል፣ የቀረውን ጤነኛ ቀለም ሞኖቤንዞን በሚባል ቅባት ማጥፋትን እንደ አንድ አማራጭ ያውቀዋል፤ ሁለመናው አንድ ከሆነ የሰው ዓይን ያርፋልና። ዘፋኙ ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ለምጽ እንዳለበት በቴሌቪዥን እስኪናገር ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ በዘሩ አፍሮ ቀለሙን እንደለወጠ ሲወራበት ኖሯል፤ ከሞተ በኋላ የተደረገው የአስከሬን ምርመራ ግን ሕመሙን አረጋግጧል። ዥንጉርጉር ሆኖ ቢታይ ይፈረድበት ነበር፤ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲታይም ተፈረደበት።

ስለ ቆዳ ሕመምና ስለ መከራ ሲነሣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ኢዮብን ነው። ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ ሰውነቱን በገል የሚፍቅ፣ የትዕግሥት አባት ተብሎ የሚሰበክለት ሰው ነው፤ የመጽሐፉ 19ኛው ምዕራፍ ግን የትዕግሥት ሳይሆን የአቤቱታ ነው። በዚያ ምዕራፍ ኢዮብ ስለ ቁስሉ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ሰው መራቅ የሚናገረው ይበዛል፤ ወንድሞቹ፣ ቤተኞቹ፣ አገልጋዮቹ፣ ሚስቱ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ይዘረዘራሉ። በ29ኛው ምዕራፍ ደግሞ ቀድሞ የነበረውን ክብር ያስታውሳል፤ ወደ ከተማው በር ሲወጣ ጎልማሶች ከፊቱ ዞር ይሉ፣ ሽማግሌዎች ይነሡለት ነበር። ኢዮብን ያቆመው ከእምነቱ ቀጥሎ ይህ ትዝታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ተሟግቶ የሚመልሰው ስም አለው፣ ከሕመሙ በፊት ማን እንደነበረ ያውቃል። የ17 ዓመት ልጅ ይህ ምዕራፍ የላትም። ሕመሟ የደረሰባት ፊቷን ለዓለም ልታቀርብ በምትዘጋጅበት ሰዓት ነው፤ የሚመለስላት ያለፈ ክብር ስለሌላት ኪሳራዋ ገና ያላገኘችው ነገር ነው፤ ያላገኙትን ነገር ማጣት ደግሞ በሐዘን ወግ አይለቀስለትም። በወጣትና በጎልማሳ ታማሚ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስላል።

በመጽሐፍ ቅዱስ የግያዝ፣ የሙሴ እኅት የማርያምና የንጉሥ ዖዝያን ለምጽ የቅጣት ምልክት ሆኖ ይቀርባል፤ ከዚህ የተነሣ የቆዳ ሕመም ምን ሠርቶ ነው የሚለውን ጥያቄ ከሌሎች ሕመሞች ሁሉ ቀድሞ ይስባል። ያው መጽሐፍ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን በደለ ብለው ሲጠይቁ እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም የሚል መልስ መያዙ እምብዛም አይታወስም። ጸበል የሚሄደው ወጣት ከጸበሉ የሚያገኘው ተስፋ ብዙ ጊዜ ከዚህ ክስ ጋር ተደባልቆ ነው፤ ሳይሽር ሲመለስ እምነቱ ይመረመራል። የተማረው ዓለም ከዚህ የተሻለ ነው ብሎ መኩራት ግን ያስቸግራል። ጭንቀት ችፌንና ሶሪያሲስን እንደሚያባብስ የታወቀ ነው፤ በጽንስ ጊዜ የላይኛው ቆዳና የነርቭ ሥርዓት ከአንድ የሕዋሳት ንጣፍ መብቀላቸውም የሁለቱን ዝምድና ያስታውሳል። ነገር ግን ይህ እውቀት በአንደበት ሲወርድ አትጨነቅ፣ አንተ ራስህ ነህ የምታመጣው የሚል ምክር ይሆናል፤ ኃጢአት የነበረበት ቦታ ላይ ጭንቀት ተተክቶ፣ ተከሳሹ ያው ታማሚው ሆኖ ይቀራል።

ማሳከክም ፍትሕ አያገኝም። ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃፈንሬፈር እ.ኤ.አ. በ1660 ማሳከክን ለመፎከት የሚገፋፋ ደስ የማይል ስሜት ብሎ የበየነው ሲሆን፣ ብያኔው እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት ይጠቀሳል። ሕመም ያለበት ሰው እግዚአብሔር ይማርህ ይባላል፤ የሚያሳክከው ሰው ግን አትፎክተው ይባላል፤ እከካም የሚለው ስድብ ደግሞ ከንጽሕና ጉድለት ጋር ያያይዘዋል። እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እንኳ ለችፌ አይሠራም፤ ጥፍር ሲነካው ቆዳው ይቆጣል፣ የተቆጣው ቆዳ ይበልጥ ያሳክካል፣ ሌሊቱም በዚህ ዑደት ያልቃል። እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ተማሪ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ስንፍናው እንጂ ሌሊቱ አይታይም።

ሁሉም የቆዳ ሕመም እኩል አይገለልም፤ በዚህ ረገድ በኢትዮጵያ ደጋማ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣው፣ በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር ዝሆኔ ከሁሉ የጨከነ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ አልፈው የሊምፍ ቧንቧዎችን ስለሚያውኩ እግር ያብጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በጉርምስናና በወጣትነት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ ይከላከለዋል። ይሁን እንጂ በቤተሰብ ውስጥ የተጋላጭነት ዝንባሌ ስላለ፣ ዘር የሚያጠናው ሽማግሌ የአንዱን ልጅ እግር አይቶ የእኅቶቹንና የወንድሞቹን ጋብቻ ሳይቀር ያፈርሳል። እዚህ ላይ ማንም ስለ ልብ ውበት አያወራም።

ሥር የሰደደ ሕመም በጊዜ ላይ የሚሠራው ሥራ ከሁሉ የተሰወረ ነው። ወጣቱ ሲሻለኝ የሚል ሁለተኛ የቀን መቁጠሪያ ይከፍታል፤ ሲሻለኝ ፎቶ እነሣለሁ፣ ሲሻለኝ ሥራ እለውጣለሁ፣ ሲሻለኝ እጠይቃታለሁ ይላል። ከየሱቁ የሚገዛው ቅባት ይህን ተስፋ ይሸጥለታል፤ ክሎቤታሶልን የመሰለ ብርቱ ስቴሮይድ የያዘ ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ፊት ሲቀባ ለጊዜው ያጠራል፣ ኋላ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ አዲስ ብጉር ያወጣል፣ ሲቆምም ሕመሙን አብሶ ይመልሳል። ሌላው መንገድ ምኞትን በሕመሙ ልክ መቁረጥ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን አፕዳይክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሶሪያሲስ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሰው ፊት መቅረብ የማያስገድደውን የደራሲነት ሥራ መምረጡን፣ በወጣትነቱ ማግባቱን፣ ፀሐይ ለመሞቅ ከባሕር ዳርቻ አቅራቢያ መኖሩን ሁሉ ከቆዳው ጋር አያይዞ ተርኳል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ መከራ ሥራ እንደሚወልድ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ይህ አነባበብ የሚዘነጋው ግን ለአንድ አፕዳይክ ዋና አልወድም፣ ድግስ አልወድም፣ ከሰው ጋር መዋል አይመቸኝም እያሉ ምርጫቸው መሆኑን ራሳቸውን ያሳመኑ፣ ምንም ሳይጽፉ ያረጁ ብዙዎች መኖራቸውን ነው። አንድ ሰው ያልወደደውንና እንዳይወድ የተከለከለውን መለየት ሲያቅተው ሕመሙ ከቆዳ አልፎ ፈቃዱን ነክቷል።

ይህ ጉዳት አይለካም የሚለው ሰበብ ጊዜው አልፎበታል። አንድሩ ፊንሌይና ካን የተባሉ ተመራማሪዎች በዌልስ፣ በካርዲፍ ከተማ ያዘጋጁት የቆዳ ሕመምና የኑሮ ጥራት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1994 ታትሟል። ባለፈው ሳምንት ስለነበረ ማሳከክና ሕመም፣ ስለ ኀፍረት፣ ስለ ልብስ ምርጫ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ ትምህርትና ሥራ፣ ስለ ጓደኛና የትዳር አጋር፣ ሕክምናው ራሱ ስለሚያመጣው ጣጣ ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 30 ሲሆን፣ ከ10 በላይ ያገኘ ሰው ሕይወቱ በብርቱ እንደተናጋ ይቆጠራል። መጠይቁ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በደቡብ ኢትዮጵያ በእግር ዝሆኔ ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ እንደሚሠራ የተረጋገጠበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። እንግዲህ የቆዳ ታማሚ የሚያዩ ሐኪሞችና ነርሶች ቅባት ከማዘዛቸው በፊት ወረቀቱን ለወጣቱ ይስጡት፤ ጥያቄዎቹ 10 ብቻ ናቸው፣ ለመሙላትም ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃል።